ከዙላ እስከ አስመራ፦ ወታደር የዘረጋው፣ ወታደር የነቀለው ሐዲድ

አዲስ አበባ ውስጥ የባቡር ወሬ ሲነሳ ሁሉም ሰው ወደ ለገሃር ይሮጣል። ምኒልክ፣ ኢልግ፣ ጅቡቲ፣ ድሬዳዋ፣ በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ጨዋታው እዚህ ሲደርስ ጣልቃ መግባት ልማዴ ነው። በእኛ አካባቢ መጀመሪያ የጮኸው ባቡር የምኒልክ አይደለም፣ የጄኔራል ናፒየር ነው እላለሁ። አጼ ቴዎድሮስን ፍለጋ የመጣው ጦር ዙላ በሚባል የቀይ ባሕር ዳርቻ ሰፈረ፣ ሐዲድ ዘረጋ፣ ባቡር አስኬደ፣ ጉዳዩን ሲጨርስ ነቅሎት ሄደ። ግማሹ አያምነኝም። ግማሹ "ታዲያ የት አለ?" ይለኛል። የእኔም ጥያቄ እሱ ነው።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ታሪኩ የእንግሊዝ፣ የጣሊያንና የአሜሪካ ጦር ስለሆነ ሁለቱን አቆጣጠር ስቀላቅል አንባቢም እኔም እንዳንጠፋ ብዬ ነው።)

ይህ ነገር ለምን እንደሚቆረቁረኝ ላስረዳ። ያደግኩት አስመራ ነው። አባቴ የሁለተኛ ክፍለ ጦር ሃምሳ አለቃ ነበር። ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም፣ የፊሽካው ድምፅ ሰዓት ነበር ለእኛ። እናቴ ምሳ የምትጥደው በባቡሩ ነው፣ በሰዓት አይደለም። ከዚያ አንድ ቀን ባቡሩ ቆመ። ጦርነቱ ነው ተባለ። እኛም ወደ አዲስ አበባ ሄድን። ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው ያ የልጅነቴ ሐዲድ እንደተነቀለ የሰማሁት። ማን ነቀለው ብዬ ማንበብ ስጀምር ታሪኩ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይጎትተኝ ጀመር፤ ከደርግ ወደ እንግሊዝ፣ ከእንግሊዝ ወደ ጣሊያን፣ ከጣሊያን ወደ ሌላ እንግሊዝ። ያ የባሕር ጠረፍ ለስንት የባዕድ ጦር ሰፈር ሆኖ እንዳገለገለ ቢቆጠር ይገርማል። እያንዳንዱም ሐዲድ ወይ ሠርቷል፣ ወይ ነቅሏል፣ ወይ ሁለቱንም።

ከዙላ ልጀምር።

ዙላ ከምጽዋ በስተደቡብ ነው ያለችው፣ የጥንቷ አዱሊስ ፍርስራሽ እዚያው አጠገቧ ነው። የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ቡድን በጥቅምት 1867 ሲያርፍ በባሕሩ ዳር ምንም አልነበረም። ሙቀትና አሸዋ ብቻ። የሚጠጣ ውሃ እንኳ የለም፣ ስለዚህ በመርከብ ላይ የባሕሩን ውሃ እያፈሉ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ነበር የሚጠጡት። ለስንት ሰው? ወደ 13,000 ወታደር፣ ከወታደሩ የሚበልጥ ሠራተኛና ተከታይ፣ ከ40,000 በላይ እንስሳ። ከእንስሳቱ መካከል 44 ዝሆኖች። ዝሆኖቹን ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፣ መድፍ ተሸክመው ወደ መቅደላ የወጡት እነሱ ናቸው። ባቡሩን ግን ማንም አያነሳውም። ምናልባት ከዝሆን ጎን ሲቆም ባቡር አይደንቅ ይሆናል።

ባቡሩ የተዘረጋው ከወደቡ ተነስቶ ተራራው ሥር እስካለው ኩማይሌ ድረስ ነው፣ ወደ 18 ኪሎሜትር ግድም። ከዚያ ወዲያ ገደልና ጭንጫ ስለሆነ በቅሎና ግመል ይረከባሉ። ሐዲዱም፣ ፉርጎውም፣ ሞተሩም የመጣው ከቦምቤይ ነው። በዚህ ምክንያት የሐዲዱ ስፋት የሕንድ ስፋት ነበር፣ 1 ሜትር ከ67.6 ሳንቲም። አስቡት፣ በእኛ አካባቢ እስከ ዛሬ ከተዘረጋው ሐዲድ ሁሉ ሰፊው ያ የመጀመሪያው ነው። ስፋቱ ሰፊ ነው እንጂ ሥራው ግን የሚያስቅ ነበር። የላኩት ሐዲድ አሮጌና የተለያየ ዓይነት ነበር፣ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። የባቡር ሞተሮቹም የደከሙ ነበሩ። ሥራው ተጓተተና በደንብ ማገልገል የጀመረው አብዛኛው ተዋጊ ጦር ተራራውን በእግሩ ከወጣ በኋላ ነው።

ሚያዝያ 13 ቀን 1868፣ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ መቅደላ ተያዘች። ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። ጦሩ የዘረፈውን ብራናና ጽላት ተሸክሞ በመጣበት መንገድ ወደ ባሕሩ ተመለሰ፣ ያ ባቡር በመልሱ ጉዞ ነው በእውነት የጠቀማቸው። ልጅ ዓለማየሁም ከሀገሩ የወጣው በዚሁ ዳርቻ በኩል ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር። በሰኔ ጦሩ ተጠቃሎ ወጣ፣ ሐዲዱም ተነቅሎ በመርከብ ወደ ሕንድ ተመለሰ። ከዓመት ያነሰ ዕድሜ።

እዚህ ላይ ለናፒየር አንድ ነገር ልመስክርለት፣ ሳልወድ በግዴ። ሰውየው "እሄዳለሁ" ብሎ ሄዷል። ሐዲዱን መንቀሉ ራሱ የዚያ ምልክት ነው። ጦር ሐዲዱን ትቶ ሲሄድ ነው መጠራጠር፣ ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። ቀጣዩ የመጣው እንግዳ ሐዲድ የሚነቅል ዓይነት አልነበረም።

ጣሊያን ምጽዋን የያዘው በ1885 ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ጥር 26 ቀን 1887፣ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አምስት መቶ ያህሉን የጣሊያን ጦር ጠብቀው ደመሰሱት፣ የተረፈው ጥቂት ነው። ሮም ውስጥ ዋይታ ሆነ። ከዚያ ጣሊያን ወደ 20,000 የሚጠጋ ጦር ላከ፣ ከጦሩ ጋር ደግሞ ሐዲድ። ከምጽዋ እስከ ሰሓጢ 27 ኪሎሜትር። የአስመራ ባቡር የሚባለው፣ ሰው ዛሬ የቱሪስት ባቡር ብሎ የሚያደንቀው፣ አጀማመሩ ይህ ነው፤ የጦር ሰፈር ባቡር። ወደብ ላይ የወረደውን ጥይትና ዱቄት ወደ ሰሓጢ ምሽግ የሚያደርስ። በ1888 አጼ ዮሐንስ ያንን የሚያህል ጦር ይዘው ሰሓጢ ድረስ ወርደው ሳይዋጉ ሲመለሱ ጣሊያኖቹ ምሽጋቸው ውስጥ ተቀምጠው ስንቃቸው በባቡር እየመጣላቸው ነበር። የሚራበው ከበባ ያደረገው ሆነ። አንድ አጭር ሐዲድ የሚሠራው ሥራ ይህን ያህል ነው።

ግን ደግሞ ልብ በሉ፣ ሐዲዱ ሰሓጢ ላይ ቆመ። ዓመታት ቆመ። የዓድዋ ጦርነት በ1896 ሲደረግ የጣሊያን ባቡር አሁንም ተራራው ሥር ነበር ያለው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ስንቅ ሁሉ በበቅሎና በግመል ነው የሚወጣው። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባራቲየሪ የስንቅ ችግር አንገብግቦት እንደተዋጋ የታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይላሉ። ሐዲዱ አስመራ ደርሶ ቢሆንስ ኖሮ? ይህን ሳስብ ለዚያ ተራራ ምስጋና አቀርባለሁ። ጊንዳዕ የደረሰው በ1904 ነው፣ ነፋሲት በ1910፣ አስመራ በ1911። በኋላ ወደ ከረን፣ ወደ አቆርዳት፣ ወደ ቢሻም ቀጠለ።

ያ ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎሜትር፣ የማውቀው እሱን ነው። የሐዲዱ ስፋት 95 ሳንቲም ብቻ፣ ከባሕር ወለል ተነስቶ ወደ 2,400 ሜትር ይወጣል፣ 30 ዋሻና 65 ድልድይ አለው። ቁጥሩን በኋላ ነው ያነበብኩት፤ በልጅነቴ ዋሻ መቁጠር እጀምርና ሁሌ መሃል ላይ ይጠፋብኛል። አጎቴ ምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር፣ እሱን ለመጠየቅ ከእናቴ ጋር በሊቶሪና እንወርዳለን። ሊቶሪና ማለት በፊያት ፋብሪካ በ1930ዎቹ የተሠራች በናፍጣ የምትሄድ አንድ ፉርጎ ናት፣ አፍንጫዋ የመኪና አፍንጫ ነው። ከአስመራ ሲነሱ ብርድ ነው፣ ሹራብ ነው፣ ነጠላ መከናነብ ነው። አርባሮባ ላይ ጉም ከታች ሆኖ ይታያል፣ እኛ ከላይ። ነፋሲት ሲደረስ ሴቶቹ ወደ ደብረ ቢዘን ዞረው ያማትባሉ፣ ገዳሙ ከተራራው አናት ላይ ነው። ጊንዳዕ ላይ ሹራቡ ይወልቃል፣ ብርቱካን የሚሸጡ ልጆች በመስኮት ይንጠላጠላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እንቅልፍና ላብ ነው። ዶጋሊን ስናልፍ የሆነ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ "አሉላ!" ማለቱ አይቀርም። እኛ ሠራዊት ሰፈር ያደግን ልጆችማ ተነስተን ሰላምታ እንሰጥ ነበር። ባቡሩ ራሱ ለዶጋሊ ብድር መመለሻ የተሠራ መሆኑን ያኔ የነገረን የለም።

አሜሪካኖቹም በዚያ ባቡር ይወርዱ ነበር። ቃኘው ጣቢያን የማያውቅ ወጣት ካለ፣ አሜሪካ ከ1943 እስከ 1977 አስመራ ላይ የነበራት የሬዲዮ መጥለፊያና መገናኛ ሰፈር ነው። ስሙ የተወሰደው ኮሪያ ከዘመተው ቃኘው ሻለቃ ነው፣ እሱም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም። ሲበዙ ከነቤተሰቦቻቸው በሺዎች ነበሩ። የራሳቸው ቴሌቪዥን፣ ቦውሊንግ፣ ሃምበርገር። ወደ ጠፈር የሚያዳምጥ ስፋቱ 45 ሜትር የሆነ ሳህን ተክለው ነበር፣ ቅዳሜ ሲመጣ ግን በሙሶሊኒ ዘመን ሊቶሪና ተጭነው ምጽዋ ለመዋኘት ይሄዱ ነበር። ካሜራ ያልያዘ አሜሪካዊ አላየሁም። ዛሬ እነዚያ ሰዎች ሸምግለው ያነሷቸውን ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ ሲለጥፉ አያለሁ፣ ከልጅነቴ ባቡር የቀረው ምስል ያለው በአብዛኛው በእነሱ እጅ ነው። እኛ ካሜራ አልነበረንማ። አንዳንዴ በፎቶው ዳር ላይ የሚታዩትን ልጆች አስፍቼ እመለከታለሁ፣ እስካሁን ራሴን አላገኘሁም።

ወደ ነቃዮቹ ልመለስ። ከቃኘው በፊት የነበረውን ዘልያለሁ።

ሚያዝያ 1941 ምጽዋ በእንግሊዝ እጅ ወደቀች። ጣሊያኖቹ ከመሸነፋቸው በፊት መርከቦቻቸውን ወደቡ ውስጥ አሰመጡ፣ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቹንም ጭምር። በዓመቱ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን መጥቶ በዚያ ሙቀት ውስጥ ከባሕሩ ጎትቶ አወጣቸው። ለጥቂት ጊዜ ምጽዋ፣ ጉራዕ፣ አስመራ ሁሉ የእንግሊዝና የአሜሪካ የጦር መጠገኛ ሆኑ፣ አውሮፕላን እንኳ ይጠገን ነበር። ባቡሩም ያለ ዕረፍት ሠራ። ጦርነቱ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ግን መንቀሉ መጣ። ከአቆርዳት ወዲያ ያለውን ሐዲድ እንግሊዞች ነቀሉት። ጣሊያን በ1930ዎቹ ከምጽዋ አስመራ የዘረጋው ቴሌፈሪክ (በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ የጭነት ማጓጓዣ) ነበር፣ ወደ 72 ኪሎሜትር የሚረዝም፣ በዓለም ላይ በዘመኑ አቻ ያልነበረው፤ እሱንም ፈቱት። የምጽዋ ወደብ ሕንጻና ዕቃም እንዲሁ ፈራርሶ ተሸጠ። በዚህ የተንጨረጨረችው አንዲት እንግሊዛዊት ናት፣ ሲልቪያ ፓንክኸርስት። የገዛ መንግሥቷን "የምታፈርሱት የሌላውን ንብረት ነው" ብላ በጽሑፍ ሞገተች። በኋላ አዲስ አበባ መጥታ ኖረች፣ የተቀበረችውም ሥላሴ ካቴድራል ነው። መቃብሯን የሚጎበኝ ሰው ስለ ሴቶች መብት ያስታውሳታል፣ ልክ ነው። እኔ ግን በተነቀለ ብረትም ነው የማስታውሳት።

ሞቃዲሾም ላይ እንዲሁ ሆኗል። ጣሊያን ከሞቃዲሾ ወደ ጆውሃር የዘረጋው ሐዲድ ነበር፣ ወደ 114 ኪሎሜትር፣ እሱንም እንግሊዞች በጦርነቱ ዘመን ነቅለው ወሰዱት። ዝርዝሩ ብዙ ነው፣ አላሰለቻችሁም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። እስካሁን "እነሱ፣ እነሱ" ስል ቆይቻለሁ። የእኔን ሐዲድ፣ ያ በሹራብ ተነስተን በላብ የምንጨርሰውን፣ የነቀለው ግን እንግሊዝ አይደለም።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ባቡሩ በዓመት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያጓጉዝ ነበር። ከዚያ አስፋልቱና የጭነት መኪናው ገበያውን ወሰዱበት፣ ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ መጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ባቡሩ ቆመ። የቆመ ሐዲድ ደግሞ በጦር ሜዳ ላይ ሐዲድ አይደለም፣ ብረት ነው። አዲስ አበባ ጎረቤታችን የነበረ አንድ የቀድሞ ወታደር አለ፣ በ1990 ግድም በጊንዳዕ በኩል ግንባር ላይ ነበር። ቡና እየጠጣን ስለ ምሽግ ሲያወራ "የእኛን ምሽግ ሞርታር አይበሳውም ነበር" ይለኛል። ለምን? ጣራው ሐዲድ ነዋ። ሐዲዱን ጎን ለጎን ይደረድሩታል፣ ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፈውን አግዳሚ ብረት ግድግዳ ያደርጉታል፣ ውስጡን ድንጋይ ይሞሉታል፣ ከላይ አፈር። "ከእንጨት ይሻላል፣ አይነቅዝም" አለ። እየሳቀ ነው የሚነግረኝ። እኔ ያ ሐዲድ ምን እንደነበር ስነግረው ዝም አለና "ታዲያ ምን እናድርግ፣ ወንድሜ? ከላይ እየዘነበብን?" አለኝ።

ምን ይባላል? ትክክሉን ነው። እኔም እዚያ ብሆን እነቅል ነበር። ከማዶ ያሉት የሻዕቢያ ተዋጊዎችም በተራቸው ከዚያው ሐዲድ ምሽግ ሠርተዋል። አንዱ ሐዲድ በሁለት በኩል ጣራ ሆኖ ሰዎች ከሥሩ ተኮራምተው ሲጠባበቁ ዓመታት አለፉ። የማይዋጥልኝ ሌላ ነገር ነው። የናፒየርን ዘረፋ በቁጭት እናወራለን፣ የእንግሊዝን ማፈራረስ በቁጭት እናወራለን፣ እኛ የነቀልነውን ግን "ጦርነት ነዋ" ብለን እናልፈዋለን። እነሱም እኮ ጦርነት ላይ ነበሩ።

ሐዲዱን መልሰው የዘረጉት ኤርትራውያን ናቸው። ከነፃነታቸው በኋላ፣ በ1994 ግድም፣ የውጭ ብድር አንፈልግም ብለው በራሳቸው ተነሱ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞችን ጠሩ፣ አንዳንዶቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። እነሱ ባይኖሩ የሚያውቅ አልነበረም፣ ሥራው ወረቀት ላይ ሳይሆን እነሱ እጅ ላይ ነበር። ወጣቱ የብሔራዊ አገልግሎት ልጅ ደግሞ ጉልበት ሆነ። ከምሽግ ጣራ ላይ ሐዲድ እያወረዱ፣ እያቃኑ፣ መልሰው አሰሩት። መሃል ላይ የ1998ቱ ጦርነት፣ የእኛና የእነሱ፣ እንደገና ገባበት። ቢሆንም በ2003 አስመራ ደረሰ። ዛሬ መደበኛ የመንገደኛ ባቡር አይደለም፣ ቱሪስት ሲመጣ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከአስመራ ነፋሲት ድረስ። ግን ሐዲዱ መሬት ላይ አለ።

በ2018 ሰላም ሲወርድና በረራው ሲከፈት እኔም ሄድኩ። ሰው ሁሉ ካፑቺኖ ሊጠጣ፣ የካቴድራሉን ደወል ሊሰማ ይሄዳል፤ እኔ በቀጥታ ወደ ባቡር ጣቢያው። ከጣቢያው ጎን ያለው ጋራዥ ውስጥ የአንሳልዶ ሞተሮች ቆመዋል፣ 1938 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው፣ ጥቁር፣ ዘይት ዘይት የሚሉ። ሊቶሪናዋም አለች። አፍንጫዋን ስነካው የጥበቃው ልጅ ተቆጣኝ፣ አስጎብኚዬ ለመነልኝ።

እዚያ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሰማንያ የሚጠጋቸው፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ፣ ሥራቸው ምን እንደሆነ በግልጽ ያልገባኝ፤ ጡረተኛ ናቸው ግን በየቀኑ ይመጣሉ። አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ የጠራ ነው፣ የድሮ የመንግሥት ቤት አማርኛ። "አቦይ፣ እኔ እዚህ ነው ያደግኩት፣ አባቴ ወታደር ነበር" አልኳቸው። የምን ወታደር ብለው አልጠየቁኝም። አዩኝና "ሐዲዱን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፣ የዕቃ ርክክብ እንደሚያደርግ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው ያሉት። "ሻዕቢያም ወስዷል፣ አቦይ" አልኩ። "እሱማ" አሉ፣ "ግን እነሱ መልሰው አምጥተዋል።"

ከዚያ በኋላ ተግባባን። ማኪናው ከየትኛው ቦታ እንደሚላላ፣ የቱ ዕቃ መለዋወጫ እንደጠፋለትና እዚያው መደበር ገበያ ከቁርጥራጭ ብረት እንዴት እንዳሠሩት እያዞሩ አሳዩኝ። መደበርን ያላየ ሰው አስመራን አላየም፤ የፈነዳ ጥይት ቀለሁ እንኳ እዚያ ገብቶ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉና "የእናንተስ?" አሉኝ።

"የእኛ ምን?"

"የጅቡቲው ባቡር። ሞተሮቹ እንዴት ናቸው?"

አዲስ ሰፊ ሐዲድ እንደተዘረጋ፣ በ2016 እንደተመረቀ፣ በኤሌክትሪክ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። "እሱን አይደለም የጠየቅኩህ፣ ወደይ። የድሮው።" የድሮው ቆሟል አልኩ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፣ ብዙ ቦታ ላይ ሳር በልቶታል፣ ለገሃርም ጸጥ ብሏል። ድሬዳዋ ያለው ጋራዥ ግን በአሮጌ ሠራተኞች ተይዞ እስካሁን ማሽኑ ሁሉ እንዳለ ነው አልኳቸው።

"ጦርነት ነበረ መንገዱ ላይ?"

"የለም።"

"ምሽግ ሠራችሁበት?"

"የለም፣ አቦይ።"

"ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው?"

እኔ እንጃ። በጀት፣ ዕርጅና፣ አዲሱ መጣ፣ እያልኩ ስንተባተብ እሳቸው ቀድመውኝ ሌላ ሐሳብ ውስጥ ገብተዋል። የጅቡቲው ስፋቱ ስንት ነው አሉኝ። አንድ ሜትር አልኩ። "የእኛ 95" አሉ። ጣታቸውን ዘርግተው አምስቱን ሳንቲም አየር ላይ ለኩ፣ ከዚያ ወደ አንዱ የፉርጎ ጎማ ወሰዱኝና አጎንብሰው፣ አንድ ጠጠር አንስተው መሬቱ ላይ እየሳሉ፣ በእያንዳንዱ በኩል ሁለት ሳንቲም ተኩል ወደ ውስጥ ከተገፋ የድሬዳዋ ፉርጎ እዚህ ሊሄድ እንደሚችል ያስረዱኝ ጀመር። አክሱ እንዴት እንደሚወጣ፣ ጎማው እንዴት እንደሚሞቅ፣ የትኛው ማሽን እንደሚያስፈልግ። "ድሬዳዋ ማሽኑ አለ አላልክም? እዚያ ይሠሩታል፣ በመኪና ይጭኑታል፣ እኛ እዚህ እንገጥመዋለን።" አስጎብኚዬ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። እሳቸው ግን አልጨረሱም፣ ፍሬኑ ይቀራል።